ብሪጅት ታርፒ ማን ናት?

ዴሊያ ሩዌን ሰውን «ውጣ» ማለት አይሆንላትም ነበር። ሌላው ጠባይዋ ሁሉ ለመጠጥ ሻጭነት የተፈጠረ ነው፤ ሰካራም አትፈራም፣ የሰማችውን አትደግምም፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ታውቅና ራቅ ራቅ አድርጋ ታስቀምጣለች። የመዝጊያው ሰዓት ደርሶ፣ ውጪ ዝናቡ እየወረደ፣ አንድ ገበሬ ግማሽ ብርጭቆ ጥቁር ቢራ ይዞ ቀና ብሎ ሲያያት ግን ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። እኛም ጠባይዋን አውቀን እንቀመጣለን። በመንደራችን በክሉንሬ ደግሞ የማይዘንብበት ማታ ጥቂት ነው።

እኔ ከመጠጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል ብስክሌት እጠግን ነበር። በመንደሩ ያለችው አንዲት ታክሲም የኔ ነበረች፤ ሙሽራ የማመላልስ እኔ፣ ቄስ የማመጣ እኔ፣ ሰው ፍርድ ቤት የማደርስ እኔ። ስለዚህ የዴሊያን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቻለሁ። ብዙ ዓመት አልፎትም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዴሊያ የመንደራችን ተወላጅ አልነበረችም። ከተራራው ማዶ ነው የመጣችው፤ ማላኪ ታርፒ በከብት ገበያ አይቷት አገባት። ልጅ አልወለዱም። ከበሩ በላይ ባለው ጣውላ ላይ «ማ. ታርፒ፣ መጠጥ ለመሸጥ የተፈቀደለት» የሚል ተጽፏል፤ ሕጉ የባለፈቃዱ ስም በሩ ላይ ይታይ ይላልና። ጽሑፉ የቀለም ቀቢው የፓኪ ሎፍተስ እጅ ሥራ ነው፤ በየዓመቱ ለፋሲካ ያድሰዋል፣ ከዚያም አንድ ሳምንት ሙሉ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር «እስቲ ያቺን ‹ታ› ተመልከታት» ይላል። የጣውላው ስም የማላኪ ይሁን እንጂ ቤቱን ያቆመችው ዴሊያ ነበረች።

ማላኪ ደግ ሰው ነበር፤ ጥንቃቄ የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ከሰዓት ውጪ ሲሸጥ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተፈርዶበታል፤ ሁለቱም ጥፋት ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። ቅጣቱ ተከፍሎ ይረሳል፤ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ግን ተቀምጦ ይጠብቃል። ሦስተኛ የተጨመረበት ቀን ፈቃዱ ይሞታል። ባለፈቃዱ ራሱ ሲሞት ደግሞ እንደ ላምና እንደ መሬት ዝም ብሎ ለሚስት አያልፍም፤ ፍርድ ቤት ተቀርቦ ስሙ መዞር አለበት፣ ዳኛውም ተቀባዩ ሕግ አክባሪ መሆኑን ማመን አለበት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማላኪ ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ፎቅ ላይ ዋለ። ዴሊያ ከላይ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ ከታች በርሜል ታንከባልላለች፣ ትቀዳለች። የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ሄኔጋን ይህን ያውቃል። ክፉ ሰው አልነበረም። ማታ ሲዞር ድልድዩ ጋ ሲደርስ የብስክሌቱን ደወል ያቃጭላል፤ እኛ የያዝነውን ጨልጠን በጓሮ እንወጣለን፤ እሱ በፊት በር ብቅ ብሎ «ደህና እደሪ ዴሊያ» ይልና ያልፋል። የደወሉ ነገር በመንደሩ አይወራም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ምን ይወራል?

ማላኪ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በመንደራችን በተተከለበት ዓመት ሞተ። ለቀብሩ እህቱ ብራይዲ ከእንግሊዝ አገር መጣች። ወንድሟ ታሞ በኖረበት ዘመን ሁሉ ዓይኗን አይተን አናውቅም ነበር። ከቀብር መልስ ጓንቷን ሳታወልቅ ባንኮኒውን በጣቷ ጠረገችና ሰው እየሰማ፦

«ይህ ቤት የታርፒ ቤት ነው። ከታርፒ ስም አይወጣም» አለች።

ዴሊያ ለለቀስተኛው የአሳማ ሥጋ እየቆራረጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። የፓኪ አንገት ሲቀላ አየሁት። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና፦

«ሰማሃት፣ ጃርላት?» አለኝ፤ ጃርላት እኔ ነኝ።

«ሰማኋት።»

«ወንድሟ አልጋ ላይ ሲማቅቅ የት ነበረች? አሁን ለጣውላው ደረሰች!»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማኛ! እኔ የጻፍኩትን ጣውላ ይቺ ልትወርሰው?»

ብራይዲ በማግስቱ ወደመጣችበት ተመለሰች። ንግግሯ ግን እንደ እሾህ መንደሩ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

ዴሊያ ያን ወር እንቅልፍ አልነበራትም። ይህን ኋላ ነው የነገረችኝ። ከተማ ወርዳ ጠበቃ አነጋገረች። ጠበቃው «ሁለት ጥፋት የተጻፈበት ፈቃድ ነው፤ እንደ እንቁላል ያዢው። ሳጅኑ እንዳይቃወም ተነጋግሬያለሁ። ለማንም አታውሪ፤ ገብተን እንውጣ» አላት። እሷም ባይላት አታወራም ነበር። በኛ አገር የሟቹ የሠላሳ ቀን ቅዳሴ ሳይደርስ ስለ ንግድ የምታወራ ሚስት «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ» ትባላለች። ፈራች። ፈቃዱ ከተከለከለ የሚቀራት አራት ግድግዳና የሚያፈስ ጣራ ነው፤ መሬት የላትም፣ ልጅ የላትም፣ በዚያ ዕድሜዋ የምትሄድበት ዘመድ የላትም። ስለዚህ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ በሕይወቷ ያላደረገችውን ጀመረች፤ «በሉ ወንድሞቼ፣ ተነሱልኝ» ትላለች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። እኛ ደግሞ «አይ፣ ብራይዲ አዝዛት ነው፤ በገዛ ቤቷ አስፈራራቻት» አልን። አንድ ነገር አንዴ ከታመነ ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆንለታል።

ሕጉ ስም የሚዞርለት ሰው በጋዜጣ ያሳውቅ ይላል። አንድ ቀን ፓኪ ጋዜጣውን እያውለበለበ ብስክሌት መጠገኛዬ ገባ። ሽማግሌው ኮልማን ጎማው እስኪለጠፍለት ቁጭ ብሎ ፒፓውን ያጨሳል።

«ስሙ! ስሙ! ‹እኔ ብሪጅት ታርፒ፣ በክሉንሬ የሚገኘው የሟች ማላኪ ታርፒ የመጠጥ ፈቃድ ወደ ስሜ እንዲዛወርልኝ ለፍርድ ቤቱ አመለከትኩ›። አላልኳችሁም?»

«ብሪጅት ታርፒ ማን ናት?» አለ ኮልማን።

«ማን ትሁን! ብራይዲ ናታ! ብራይዲ የብሪጅት ማቆላመጫ አይደለም እንዴ?»

«አይ ሌባ!» አለ ኮልማን፣ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ።

«ለዴሊያ እንንገራት?» አልኩ እኔ።

ፓኪ አፈጠጠብኝ። «ባሏን ቀብራ ወር ሳይሞላት? ‹ቤትሽን ሊቀሙሽ ነው› ልትላት? ሰው አይደለህም እንዴ? ተዋት፣ ባሏን ታልቅስ። እኛ እያለንላት ምን ጎደላት። ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ይላል፤ እቀርባለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። በኛ በምዕራቡ አገር ሴት ብታገባም የአባቷ ልጅ ናት፤ ባሏን ቀብራም ዴሊያ ሩዌን፣ ዴሊያ ሩዌን ናት። በባሏ ስም የሚጠራት መንግሥት ብቻ ነው። ብሪጅት የሚለው ስም ደግሞ ማቆላመጫው ብዙ ነው፤ ብራይዲ አንዱ ነው፣ ቢዲ አንዱ ነው፣ ዴሊያም አንዱ ነው። ይህን ከመሃላችን የማያውቅ አልነበረም። ሦስታችንም አንዲት ደቂቃ ቆም ብለን ብናስብ ኖሮ ነገሩ እዚያው ጎማው ስር ይቀር ነበር። ግን የብራይዲ ጓንት ዓይናችንን ሸፍኖታል። የተናደደ ሰው ደግሞ አያስብም፤ የሚያስብ ይመስለዋል እንጂ።

የችሎቱ ዕለት ሰባት ሰው ታክሲዬ ውስጥ ታጨቀ፤ ሁሉም የእሑድ ኮቱን ለብሷል። ፍርድ ቤት ስንገባ ዴሊያ ከፊት ወንበር ላይ በጥቁር ካፖርት ተቀምጣለች። በአውቶቡስ ቀድማን መጥታ ኖሯል። ዞር ብላ አየችን። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ፊቷ በራ፤ ልንቆምላት የመጣን መስሏት በዓይኗ አመሰገነችን። ፓኪ ደግሞ ሲቀሟት ለማየት የመጣች መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረና «አይዞሽ» አላት በከንፈሩ።

ጸሐፊው «የብሪጅት ታርፒ ማመልከቻ» ብሎ ጠራ። የተነሳው ጠበቃው ነው፤ ዴሊያ አልተነሳችም። እኛም ብራይዲ ጠበቃ ልካ ራሷ ቀረች አልን። ዳኛው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሳጅኑን ጠየቁ፤ ሳጅኑ «ተቃውሞ የለኝም፣ ክቡር ዳኛ» አለ። ዳኛው ብዕራቸውን አንስተው፣ ለወጉ ያህል፣ «የሚቃወም አለ?» አሉ።

«አለ!» አለ ፓኪ።

መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ማለ።

«ተቃውሞህ ምንድን ነው?»

«ክቡር ዳኛ፣ ይቺ ብሪጅት ታርፒ የምትባል ሴት በዚያ ቤት አንዲት ብርጭቆ ቀድታ አታውቅም። ቤቱን ያቆመችው ሌላ ሴት ናት።»

ጠበቃው ዘሎ ተነሳ። «ክቡር ዳኛ፣ እዚህ ላይ ስህተት አለ፣ ምስክሩ—»

«ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ። የማለ ሰው ይጨርስ። ቀጥል፤ ማን ናት ሌላዋ?»

«ዴሊያ ሩዌን ናት!» አለ ፓኪ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ማላኪ አልጋ ከያዘ ወዲህ ከላይ እሱን፣ ከታች እኛን የተሸከመች እሷ ናት። እንዲህ ያለች ሴት አገር ውስጥ የለችም። ሰው በዝናብ አታስወጣም፣ ክቡር ዳኛ! ድርቆሽ ስናጭድ ውለን፣ ሞተን ስንመጣ፣ ሰዓቱ አለፈ አላለፈ ሳትል እኩለ ሌሊት ድረስ ታስተናግደናለች።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ሰዓቱ አለፈ አላለፈ ሳትል?»

«አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብን!»

«እውነት ነው!» አለ ኮልማን ከኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሜን እንደሚል ሰው።

ዴሊያን አየኋት። ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ለምን እንደሆነ ገና አልገባኝም።

«ፖሊስስ?» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። «በክሉንሬ ፖሊስ የለም?»

«ሳጅኑማ የጨዋ ልጅ ናቸው፣ ክቡር ዳኛ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደወል ይደውሉልናል።»

የሳቀ ሰው ነበረ፤ ወዲያው አቆመ። ሳጅን ሄኔጋን ቆቡን እጁ ላይ እያዞረ የቆቡን ውስጥ ያያል።

«ይህች ዴሊያ ሩዌን ዛሬ እዚህ አለች?»

«አለች እንጂ! ያቻትና!» ፓኪ በኩራት በጣቱ አሳየ።

«ይነሱ፣ እመቤቴ። ሙሉ ስምዎ ማነው?»

ዴሊያ ተነሳች። ካፖርቷን አስተካከለች። ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፦

«በክርስትና ብሪጅት ነኝ፤ በትዳር ታርፒ። ሰዉ ዴሊያ ይለኛል» አለች።

ፓኪ እጁን ከመጽሐፉ አላነሳም ነበር። «ክቡር ዳኛ፣ ያልኩትን ትቼዋለሁ» አለ።

«በመሐላ የተነገረ አይተውም» አሉ ዳኛው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው። ሰውዬው ጨካኝ አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም። ግን በሞላ ችሎት ፊት፣ የሳጅኑ ደወል ሳይቀር ተነግሯቸው፣ እንዳልሰማ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለት ጥፋት ያለበት ፈቃድ ሰዓት ለማታከብር ሴት አይዛወርም አሉ። ያልተዛወረ ፈቃድ በሟች ስም ሊኖር አይችልም፤ የዘመኑ እድሳት ሲደርስ ያልቃል። የበላይ ፍርድ ቤት መጠየቅ መብቷ ነው። በዚህ ጨረሱና ቀጣዩን መዝገብ ጠሩ።

ስንመለስ ዴሊያ ከጎኔ ተቀመጠች። ከኋላ ስድስት ሰው አለ። ኮልማን ከመጠጥ ቤት የተባረረ ሰው ይመስል አንገቱን ደፍቶ በአውቶቡስ እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ነው ፓኪ ያልቻለው።

«ዴሊያ፣ እንዴት አትነግሪንም?»

«እናንተስ እንዴት አትጠይቁኝም?» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሰው ሁሉ የእድሜ ልኩን ከእጄ ጠጣ። የክርስትና ስምሽ ማነው ያለኝ አንድ ሰው አለ?»

እኔም መሪዬን ጨብጬ መንገዱን አየሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠበቃው ራሱ መጣ። መውጫ አለ አለ። ፓኪ የበላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ተሳስቼ ነው፤ ሌላ ቤት ነው ያልኩት፤ ጠጥቼም ነበር» ብሎ ቢምል፣ ሌሎቹም ቢያግዙት፣ ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል። ፓኪ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጥ እንደተከለከለ ሰው በር ላይ ነው የሚቆመው።

«እምላለሁ!» አለ። «ዛሬውኑ እምላለሁ! አሥር ጊዜ እምላለሁ!»

«አትምልም» አለች ዴሊያ።

«ነፍሴ ናት፣ ምን አገባሽ?»

«አንተ ክፉ ነገር አልተናገርክም ፓኪ። እውነቱን ነው የተናገርከው፤ የገደለኝም እውነቱ ነው። አሁን ደግሞ በውሸት ጨምረህበት፣ በሩን በከፈትኩ ቁጥር የማልክልኝን ውሸት ላስታውስ? ሳጅኑስ? ሌላ ወረዳ ሊወረውሩት ነው። እሱንም ልታስምለው ነው? ተወኝ በቃ።»

ጠበቃው ኮፍያውን አደረገና ወጣ። እኔ በበኩሌ በዚያን ቀን ተናድጄባታለሁ፤ ይማልላት፣ ቤቷ ይትረፍ፣ እግዜር እንደሆነ ይረዳል ብያለሁ። አሁንም እንደዚያ የምልበት ቀን አለ።

እድሳቱ ሲደርስ ፈቃዱ አለቀ። ፈቃድ የሌለው ቤት ደግሞ ጣውላው ሊሰቀልበት አይገባም። ያወረደው ፓኪ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። መሰላሉ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ ማንም አልሳቀበትም። ሳጅን ሄኔጋን ወደ ሩቅ ጣቢያ ተዛወረ። እኛም ከሰዓት ውጪ ጠጥታችኋል ተብለን ተቀጣን፤ ያቺ ቅጣት አንገታችን ላይ ምንም አልከበደችንም።

ዴሊያ ከተማ ባለው ሆቴል ወለል መፈተግና አንሶላ ማጠብ ጀመረች። ጧት በአውቶቡስ ትሄዳለች፣ ማታ እግሯ አብጦ ትመለሳለች። አንዳንዴ በታክሲዬ አመጣት ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ትቀመጥና እስክንደርስ ታንቀላፋለች። ወንዶቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ባንኮኒው አጠገብ፣ ባዶው መደርደሪያ ስር፣ ሻይ ታፈላላቸዋለች፤ ሻይ መጠጣትን የሚከለክል ሕግ የለም። ይሁንና የድሮው የመዝጊያ ሰዓት ሲደርስ፣ ውጪ ዝናብ ቢወርድም፣ ማንም ሳይነግራቸው ተነስተው ይሄዳሉ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» ትላለች፤ «ማን ያስወጣችኋል?»

«አይ፣ ደክሞሻል» ይላሉ።

እንዲህ ሆና ብዙ ዓመት ኖራ ሞተች። ያን ጊዜ ቄሳችን አዲስና ወጣት ነበር፤ ሰው ገና አላወቀም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ከወረቀቱ እያነበበ «በዚህ ሳምንት ስላረፈችው ስለ እህታችን ስለ ብሪጅት ታርፒ ነፍስ እንጸልይ» አለ። ልጆቹ ተያዩ፤ ከኋላዬ አንዷ «ብሪጅት ታርፒ ማን ናት?» ስትል ሰማኋት።

ከፊት ወንበር ፓኪ ተነሳ። አርጅቷል፤ ለመነሳት ወንበሩን በሁለት እጁ መያዝ ነበረበት። በቅዳሴ መሃል ሰው ተነስቶ ሲናገር በክሉንሬ ታይቶ አይታወቅም።

«ዴሊያ ናት፣ አባ» አለ። «ዴሊያ ሩዌን። እኔ አውቃታለሁ።»

ቄሱ ግራ ተጋብቶ ጥቂት አየውና «ስለ ዴሊያ እንጸልይ» አለ፤ እኛም ጸለይን።